የዘገዩበት ምክንያት

7.

ዛሬ፣ በሰባተኛው ቀን፣ ከሆስፒታል መውጣት ነበረባት።

ጫማዋ ከአልጋው ሥር ተዘጋጅቷል፤ ነጠላዋ ታጥቦ መጥቷል፤ ጎረቤት ሁሉ ቤቷን አጽድቶ እየጠበቃት ነው። ዶክተር ኢዮስያስ ግን የደም ምርመራውን ውጤት አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አልደረሰም» አለ። «የደሙ የመቅጠን ልክ ሁለት ተኩል መግባት ነበረበት፤ የእናታችን ገና አንድ ነጥብ ሦስት ላይ ነው። እንዲህ እያለ ቢወጡ የተቀየረላቸው የልብ ቫልቭ ላይ ደም ይረጋል። ያ ከመጣ ላናተርፋቸው እንችላለን። የደም ማቅጠኛውን ጨምረን እንይ።»

«ሰባት ቀን ብላችሁ አልነበር?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ የወይዘሮ አሰገደች ባል፣ ቆጣ ብለው። ለዕድሩ ሁሉ «በሰባተኛው ቀን ትወጣለች» ብለው ተናግረዋል። ሠላሳ ዓመት መምህርና ርዕሰ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው፤ የቆረጡት ቀን ሲያልፍ አይወዱም።

3.

ወደ ኋላ መለስ ልበል፤ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ሲስተር ፍሬሕይወት፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ይሄ መድኃኒት ደም ያቀጥናል። ከእሱ ጋር ቅጠላ ቅጠል እንዳትሰጧቸው።

አቶ ልሳነወርቅ፦ ቅጠላ ቅጠል?

ሲስተር፦ አዎ። መድኃኒቱን ያበላሽብናል።

አቶ ልሳነወርቅ፦ ስሚ ልጄ፣ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ቤቴ ቅጠላ ቅጠል ገብቶ አያውቅም።

ሲስተር፦ እሰይ። በጽሑፍም ልስጥዎት?

አቶ ልሳነወርቅ፦ ለምኑ? ገብቶኛል።

አልገባቸውም።¹

¹ እሳቸው የሰሙት የባህል መድኃኒት ነው፤ አዋቂ ቤት ተወቅጦ፣ ተጨምቆ የሚሰጠው። ሲስተር ያለችው ጎመን ነው፤ ቆስጣ ነው፤ ሰላጣ ነው። እናንተስ የትኛውን ሰማችሁ? እውነቱን ተናገሩ፤ ማንም አያያችሁም።

4.

ወቅቱ ሁዳዴ ነው። አሰገደች ደረቷ ተከፍቶ ተሰፍቶ እንኳን «ጾሜን አልገድፍም» ብላ ድርቅ አለች። የሆስፒታሉ ምግብ ደግሞ አልዋጥ አላት። ስለዚህ አቶ ልሳነወርቅ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ኩሽና ገቡ።

(እሷን አንቱ አልላትም፤ ስለምወዳት ነው። እሳቸውን ግን እስካሁን አንቱ እያልኩ ነው፤ ልብ በሉልኝ።)

የጎመን አሠራር፣ ለጀማሪ ባል፦

ጎመኑን እጠቡ። እንደገና እጠቡ፤ አፈር አለበት። ሽንኩርቱን ስትከትፉ እንባችሁ ቢመጣ ተዉት ይምጣ፤ ሚስታችሁ ሆስፒታል ናት። ዘይት ጨምሩ። ጣታችሁን ካቃጠላችሁ ለማንም እንዳትናገሩ። ነጭ ሽንኩርቱና ቃሪያው መጨረሻ ላይ ነው። በምሳ ዕቃ ከድናችሁ፣ ሁለት ታክሲ ይዛችሁ፣ ሳይቀዘቅዝ አድርሱ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደቀመሰች ሳቀች። ስፌቱ እያመማት፣ ደረቷን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ልሳኑ! አርባ ዓመት ሙሉ ይሄን ሙያ ደብቀኸኝ ነው?»

እንዲህ ተብለው አያውቁም ነበር፤ ደስ አላቸው።

በማግስቱም አመጡ።

በማግስቱም።

በማግስቱም።

8.

1.4

መድኃኒቱ ተጨመረ።

9.

1.2

እንደገና ተጨመረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዘሃራ፣ በጎን አልጋ የተኛች እህቷን የምታስታምመው ሴት፣ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለእርስዎ ጎመን ፈቀዱ እንዴ? እኛን እኮ ከልክለውናል።»

«ማነው የከለከለ?»

«ሲስተር ናታ። ቅጠላ ቅጠል አይሆንም ብላ።»

ቅጠላ

ቅጠል።

አቶ ልሳነወርቅ ፊታቸው እሳት ሆነ። የነርሶቹ ጠረጴዛ ከአልጋው ሃያ እርምጃ ነው። ሄደው «ያን ቀን ገብቶኛል ያልኩት አልገባኝም ነበር» ማለት ብቻ ነው። ለዚያች ልጅ? የልጅ ልጃቸውን ለምታህል ልጅ? ቢሆንም ተነሡ፤ ይሄን አልክድባቸውም። አሥረኛው እርምጃ ላይ ዶክተር ኢዮስያስ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ምን ፈለጉ?»

«ሽንት ቤቱ... በየት በኩል ነው?»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ የተመላለሱበትን ሽንት ቤት!

10.

ሽሮ አመጡ። ጎመኑን ለማንም ሳይናገሩ አስቀሩት፤ በቃ፣ ነገሩ ተስተካከለ ብለው አሰቡ። መድኃኒቱ ግን የተጨመረው በጎመኑ ልክ ነው። ጎመኑ ሲቀር መድኃኒቱን የሚመክተው ጠፋ።

11.

«ጎመኑስ?» አለች።

«ገበያ ላይ ጠፋ» አሏት።

12.

6.1

ጠዋት አፍንጫዋ ደማ። ያዙት፣ አልቆም አለ። ድዷም ደማ። ነጭ ነጠላዋ ደም በደም ሆነ፤ ነርሶቹ ተራወጡ፤ መጋረጃው ተጋረደ። አቶ ልሳነወርቅ ከመጋረጃው ውጪ ቆመው ሳሉ «እኔ ነኝ» የምትል ነገር አፋቸው ድረስ መጣች። እዚያው ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ደሙ ቆመ። ተረፈች። እሳቸውም «ተመስገን» አሉ፤ ስለ እሷ ብቻ እንዳልነበር ግን ያውቁታል።

13.

ዶክተር ኢዮስያስ፦ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ድንገት ሰማይ ነካ። የሚበሉት ነገር ተቀይሯል? ጎመን፣ ቆስጣ በልተው ነበር?

(አሰገደች ባሏን አየቻቸው። ፊታቸውን ሳይሆን ጣታቸው ላይ ያለውን የቃጠሎ ቁስል ነበር የምታየው።)

አሰገደች፦ እኔ ነኝ። አማረኝና በጎረቤት አስመጥቼ ደብቄ በላሁ። እሱ አያውቅም።

ዶክተር፦ እናቴ! በገዛ ሕይወትዎ ይቀልዳሉ? ይሄን አልጋ እኮ ስንት ሰው ነው የሚጠብቀው!

አሰገደች፦ አጠፋሁ ልጄ።

ዶክተር፦ ጋሼ፣ እርስዎስ አይቆጣጠሩም?

አቶ ልሳነወርቅ፦ ስንቴ ነገርኳት።

 

 

ነገርኳት።

 

 

አለ። ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብኝ። አባቱ ልሳነወርቅ ብለው ስም ሲያወጡለት ይሄ ምላስ ለዚህ ቀን ይውላል ብለው አልነበረም።

14.

አላያትም። የምሳ ዕቃውን ክዳን እያየ አበላት።

15.

አላያትም።

16.

«ጣትህ አመርቅዟል» አለችው። «ሲስተርን ቅባት ጠይቃት። ወይ እኔ ልጠይቅልህ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አፈረ።

በመዋሸቱ ብቻ እኮ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ያልገባው እጁን ያውጣ» እያለ ያስተማረ ሰው ነው፤ እጃቸውን ያወጡትን ልጆች አንዳንዴ ክፍሉ ፊት ያሳፍራቸው ነበር። አሁን ትዝ አሉት፣ አንድ በአንድ፣ ከነስማቸው። ኮሪደር ወጥቶ ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ቆመ።

19.

2.8

ተፈቀደላት። ጫማዋን ራሱ አደረገላት።

ሊወጡ ሲሉ አንዲት ተማሪ ሐኪም ወረቀት ይዛ መጣች። የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ስንት ቀን እንደሚተኙ፣ ሲዘገዩም ለምን እንደሚዘገዩ ታጠናለች። ቅጹን ከመዝገቡ ላይ በእርሳስ ሞልታዋለች።

«አስታማሚ አንብቦ ትክክል ነው ብሎ ይፈርማል» አለች። «ስህተት ካለ ላጲስ ይኸው። ስም አይጻፍም፤ አይስጉ።»

አነበበ። የመጨረሻው መስመር ላይ «ታካሚዋ ምክር ባለማክበራቸው» ይላል።

«ስም አይጻፍም?» አለ።

«አይጻፍም።»

ስም በሌለበት ወረቀት ላይ እንኳን እጁ ከበደው። አሰገደች ጎትታ ልታስነሣው ክንዱን ያዘች። «ፈርምና እንሂድ በቃ፣ ልሳኑ። ሰው እየጠበቀን ነው።»

ላጲሱን አነሣ። አጥብቆ ስለፈተገው ወረቀቱ ትንሽ ተቀደደ። ከዚያ እርሳሱን ያዘ፤ ተማሪዋም፣ አሰገደችም፣ እኔም እጁን እያየን ነው።

አንቱ ልበለው ወይስ አንተ፣ እናንተ ከታች ሞልታችሁ ንገሩኝ።

 

ዕድሜ፦ 61

የተደረገላቸው፦ የልብ ቫልቭ ቅየራ

የታሰበው ቆይታ፦ 7 ቀን

የቆዩት፦ 19 ቀን

የዘገዩበት ምክንያት፦