ባቡር ያስቆመው ክንድ

«ሰባት ዓመት ሙሉ የተማርከው መንጠራራት ነው?»

አቶ ዱጉማ ይህን የጠየቁት ቀናውን ነው። ከቤልግሬድ ተምሮ በተመለሰ በዓመቱ፣ በ1963 ዓ.ም.፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ተቀጥሯል። ሐኪም አይደለም፤ ወጌሻም አይደለም። የተማረው የታሰረ ሰውነት ማፍታታት ነው። ሰው መጥቶ ሕመሙን ይነግረዋል፣ እሱም ይመዘግባል። አገሬ ስመለስ ይሰማኛል ብሎ የጠበቀው ደስታ ሁሉ ግን አልተሰማውም።

አቶ ዱጉማ ሐዲዱ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ቆመው ባንዲራ የሚያሳዩ ሰው ናቸው። ቀኝ ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አልወጣ ካለ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ በግራቸው እያሳዩ ቆይተው አሁን ታወቀባቸው። ከሁለት ወር በኋላ ከድሬዳዋ የምድር ባቡሩ ሐኪም ይመጣል። በዚያን ቀን ቀኝ ክንዳቸው ከራሳቸው በላይ ካልወጣ ሥራውም፣ ከሥራው ጋር የተሰጣቸው ቤትም ይቀራል።

«መርፌ የለህም?»

«መርፌ አይፈታውም። ጅማቱ ባለመንቀሳቀስ ብዛት አጥሯል። በየቀኑ ቀስ ብለው ከሳቡት ይረዝማል፣ ደምም ይዘዋወርበታል። አንድ ቀን ሠርተው ሦስት ቀን ከተዉት ግን ይመለሳል።»

«በየቀኑ? ስንት ሰዓት ላይ? እኔ ሰዓት የለኝም።»

ቀናው ትምህርት ቤት የሰማው አንድ ምክር ትዝ አለው፤ አዲስ ልማድ ከነባር ልማድ ጋር ይታሰር የሚል። «ባቡር በመጣ ቁጥር» አላቸው። «ባንዲራውን በግራዎ አሳይተው ሲጨርሱ ከምሰሶው ጋር ይቁሙና የቀኝ እጅዎን ጣት በምሰሶው ላይ ወደ ላይ ያስሂዱ። እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ። ካመመዎት ያቁሙ፣ ከሳበዎት ይቀጥሉ።»

«አንተስ ትሠራዋለህ?»

«እኔ አልታመምኩም።»

«ፊትህ እንደዚያ አይልም» ብለው ወጡ።

በሦስተኛው ሳምንት ሚስታቸው ጠጄ ክሊኒኩ ድረስ መጣች። «አንተ የመንጠራራት መምህር፣ ሥራዬን ቀማኸኝ!» አለችው በሩ ላይ ቆማ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን የምታለብሳቸው እሷ ነበረች፤ ዛሬ ራሳቸው ለብሰው ወጡ። በቀኝ ጎናቸው መተኛትም ጀምረዋል። «ማንኮራፋታቸውን ነው ያልፈታህልኝ» ብላ ስቃ ሄደች። ቀናው መዝገቡ ላይ «የትከሻ እንቅስቃሴ፦ ዘጠና ዲግሪ» ብሎ ጻፈ። ደስ ሊለው እንደሚገባ ያውቃል። ደስታውን ጠበቀ፤ አልመጣም።

ሐኪሙ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ የጭነት ባቡር አለፈ። አቶ ዱጉማ እንደ ልማዳቸው ባንዲራውን ጠቅልለው ከምሰሶው ጋር ቆሙ። ጣታቸው ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚህ በፊት ይቆምበት የነበረውን ቦታ አለፈ። ክንዳቸው ከጆሯቸው ጋር ተካከለ። ማመን አቅቷቸው ምሰሶውን ለቀቁና ግራቸውንም ጨምረው ሁለቱንም ወደ ሰማይ ዘረጉ። እስከ ሠላሳ ሊቆጥሩ ጀመሩ።

አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ከገላን በኩል፣ ከሰዓቱ ቀድማ፣ ፈጣኗ የመንገደኛ ባቡር ሊቶሪናዋ ብቅ አለች።

በምድር ባቡር ሰው ዘንድ ሐዲድ ዳር ሁለት እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው፦ አቁም፣ አደጋ አለ። ነጂው ፍሬኑን ያዘ። ብረት ጮኸ፤ ሰው በሰው ላይ ወደቀ፤ የአንድ መንገደኛ ሻንጣ ወርዶ የአንዲት ሴት እግር ቀጠቀጠ። ነጂው በመስኮት ብቅ ብሎ «ምንድነው? ምን ተፈጠረ?» ሲል አቶ ዱጉማ እጃቸውን ሳያወርዱ «ምንም!» አሉ። «ወጣልኝ!»

ማታ ቀናው ቤታቸው ሄደ። «ምልክቱን ያውቁ የለም እንዴ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳውቀው ኖሬያለሁ» አሉ። «ግን ይህ ክንድ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ነው የከረመው። ምልክት ሊሰጥ ይችላል ብዬ እንዴት ላስብ?»

«ባቡር በመጣ ቁጥር» ያላቸው ቀናው ነበር። ምልክቱን ግን አላወቀም፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሐዲድ ዳር ሆኖ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ሐኪሙ መጣ፣ ክንዱን አስነሳ፣ «ጤነኛ» ብሎ ፈረመ። በማግስቱ የስንብቱ ደብዳቤ ደረሰ፤ ያለ ምክንያት ባቡር በማስቆም። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን የአቶ ዱጉማ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ።

ቤቱን ለቀው የሄዱት ቅዳሜ ዕለት ነው፤ ከሐዲዱ ርቆ ገጠር የሚኖር ወንድማቸው ዘንድ። አቶ ዱጉማ የዕቃውን ሣጥን በቀኝ እጃቸው ከራሳቸው በላይ አንስተው ጋሪው ላይ ጫኑ። ቀናው ቆሞ ሲያይ ዓይኑ በልማድ ለካ፦ አንድ መቶ ሰባ ዲግሪ። ሌላ ምንም አልተሰማውም።

«አሁን እዚያ ባቡር የለ» አሉት። «በምን ልቁጠር?»

«ጠዋት ሲነሱ። እና ማታ ሲተኙ።»

«አንተም ሥራው፣ እሺ ልጄ?»

ጋሪው ከሄደ በኋላ ቀናው ጣቢያው ገባ። ቴሌግራም ለሚልከው ለፈየራ፣ ድሬዳዋ ለምድር ባቡሩ ቢሮ የሚሄድ ወረቀት ሰጠው። ፈየራ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ዱጉማ እጃቸውን ያነሡት በእኔ ትእዛዝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ክንዳቸው ድኗል። መልስ እጠብቃለሁ። ቀናው፣ አቃቂ ክሊኒክ።»

«ይሄ ሁሉ ይሂድ?»

«ሁሉም።»

ፈየራ ላከው። ቀናው በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሲሄድ በጣቢያው መስኮት ጎራ እያለ «ከድሬዳዋ?» ይላል። በሦስተኛው ወር ፈየራ ጥያቄውን ሳይጠብቅ «አልመጣም» በሚል ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።