ሽው የሚለው ድምፅ

«ደጋሚዋ» የሚሏት የሕክምና ተማሪ፣ አንድ ዓመት ወድቃ የደገመች ናት። ዘንድሮ ፈተና የወደቀች ጀማሪ እንድታግዝ ሲሰጧት፣ ልጅቷ ትምህርቱን ልትተወው ቆርጣ ነበር።

«የታመመ ልብ ድምፅ አይለይልኝም፣ እህቴ። ጆሮዬ ለዚህ አልተፈጠረም።»

«እኔንም የጣለኝ እሱ ነው። ነይ!» ብላ እየጎተተች ወደ ሕሙማን ክፍል ወሰደቻትና አንድ የልብ ሕመምተኛ አዛውንት አስፈቀደች።

«አዳምጡ ልጆቼ፣ ልቤም ብቻውን ማውራት ሰልችቶታል» አሉ እየሳቁ።

ደጋሚዋ የልብ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አስቀመጠችላት። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ምቱን ተዪው፤ በሁለቱ ምቶች መሃል ያለውን ስሚ። ጤነኛ ልብ እዚያ ላይ ድምፅ የለውም።»

ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች። ድንገት ፊቷ ቦግ አለ። «ሽው ይላል! ሰማሁት!» ብላ ጮኸች።

የክፍሉ ነርስ ተቆጣች፤ አዛውንቱ ግን አጨበጨቡ።

ልጅቷ ድጋሚ ፈተናውን አልፋ እየሮጠች መጥታ ስትጠመጠምባት፣ ደጋሚዋ የራሷን የማለፊያ ውጤት ባየች ጊዜ እንኳ ያልፈነጠዘችውን ፈነጠዘች።