በሻይ የጠቆረው ሳጥን

ግሌኒስ ፕሮበርት ክንዷን እስከ ትከሻዋ በቁም ሰዓቱ ሆድ ውስጥ ከትታ፣ ሁለተኛውን የእርሳስ ክብደት መንጠቆው ላይ ልታንጠለጥል ስትዳብስ ጣቶቿ የጀርባውን ሳንቃ ነኩና ቆሙ። ክብደቱን መሬት አስቀምጣ፣ የእጅ ባትሪ አብርታ ጭንቅላቷን አስገባች።

የመላጊያው ፈለግ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ግራኝ የላገው ሳንቃ ነው። ከታች ማዕዘኑን ደግፈው የያዙት ትንንሽ የእንጨት ጉርዶች ጫፍ ጫፋቸው በቢላ ተከርክሟል። ማንም በማያየው ቦታ እንዲህ የሚጨነቅ አናጢ በሕይወቷ የምታውቀው አንድ ነው፤ እሱም በዚህች ሰዓት ከጨረታ ቤቱ ሁለት ማይል ርቆ ቤቱ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል።

ከሁሉ ያስደነገጣት ግን ቀለሙ ነበር። የሳንቃው ውስጠኛ ገጽ የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ጥቁረት ይዟል። ያንን ጥቁረት የቀባችው ራሷ ናት። ዝናብ የጠፋበት፣ የመንደሩ ሰው ከመንገድ ዳር ቧንቧ ውሃ የሚቀዳበት በጋ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቷ። አባቷ በባልዲ የተዘፈዘፈ ሻይና ከምድጃው የተጠረገ ጥቀርሻ ሰጥቷት፣ "ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ ሲደርቅ ድገሚ" ይላት ነበር። እንዲያምር መስሏት አራት ቀን ሙሉ ቀባች።

"ምን ሆነሽ? ሰዓቱ ዋጠሽ እንዴ?"

ከኋላዋ የቆመው አጫራቹ ክሪስፒን ሃለት ነው። ጨረታ ቤቱን ከአባቱ የወረሰ፣ አርባ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ዘወትር ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ የተነሣ የሚመስል ሰው። ግሌኒስ በየስድስት ሳምንቱ፣ ጨረታ ሲደርስ፣ ሁለት ቀን ቀደም ብላ እየመጣች ሰዓቶቹን ትሞላለች፣ የወንበሮቹን እግር ታጠብቃለች። የቀረውን ጊዜ በራሷ ወርክሾፕ አሮጌ ዕቃ ስታድስ ትውላለች።

"ከማን ቤት ነው የመጣው?" አለች ጭንቅላቷን አውጥታ።

"ከኦድሪ ታኒክሊፍ። የሟቹ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሚስት። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ከሞርላንድ ሱቅ የገዙበት ደረሰኝ ሳይቀር አለ። ለንደን ያለ ሰብሳቢ ሁለቴ ደወለልኝ፤ ቅዳሜ በስልክ ይጫረታል። እንዲሄድ ብቻ አድርጊልኝ፣ ግሌን።"

በሰዓቱ ደጃፍ የተንጠለጠለው ካርድ እንዲህ ይላል፦ "የቁም ሰዓት፣ ማሆጋኒ። በእንግሊዝ ነገሥታት በጆርጆች ዘመን፣ 1770 ገደማ። ማሽኑና ሳጥኑ ከመጀመሪያው አብረው የኖሩ። ግምት ከስድስት እስከ ስምንት ሺህ ፓውንድ።"

ግሌኒስ ካርዱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ክብደቱን ሰቀለች፣ ፔንዱለሙን በጣቷ ገፋችው፤ ሰዓቱ መሄድ ጀመረ። ካፖርቷን አንሥታ ወጣች።

አባቷ አይቨር ምሳውን እየበላ ነበር፤ ዳቦ፣ አይብና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ሽንኩርት። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቢላው ዛሬም በግራ እጁ ነው።

"አባዬ፣ ለሞርላንድ የቁም ሰዓት ሳጥን ሠርተህለታል።"

"ጥያቄ ነው ወይስ ፍርድ?"

"ዛሬ ሃለት ጋ አገኘሁት።"

አይቨር ሬዲዮውን አጠፋ። "ማሽኑ የእውነት ነው" አለ ቆይቶ። "ጥሩ ማሽን። ሳጥኑን ነቀዝ ጨርሶት ዱቄት ሆኖ መጣ። ሞርላንድ 'አዲስ ልብስ ስፋለት' አለኝ፤ ከፈረሰ የጸሎት ቤት የወጣ አሮጌ ማሆጋኒ ነበረኝ፣ ሰፋሁለት።"

"አዲስ ነው ብሎ የሚሸጠው መስሎህ ነበር?"

አባቷ ቢላውን ሳህኑ ላይ አጋደመ። "እንደዚያ ቢመስለኝ ኖሮ ልጄን ሻይ አስቀባት ነበር?"

ግሌኒስ ይክዳል ብላ ነበር የመጣችው። ቢክድ ይቀላት ነበር።

"ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እኮ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"እንዲያምር መስሎኝ ነው የቀባሁት።"

"አውቃለሁ አልኩሽ!" ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "ማንን ጎዳሁ? ሰዓቱ ይሄዳል። ሳጥኑ ከጥንቶቹ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አሁን ምን ይሁን ነው የምትይው? ተይው። አንድ ሁለት ዓመት ታገሺኝ፤ ስሞት ለፈለግሽው ንገሪ።"

"ጨረታው ቅዳሜ ነው አባዬ።"

"የዚህ አገር አናጢ ግማሹ ከእኔ እጅ የወጣ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን አትሮኖስ የሠራሁት እኔ ነኝ። በእርጅናዬ ስሜን ልታጠፊው ነው?"

"ስምህማ እዚያ ሰዓት ላይ የለም። ፊቱ ላይ ያለው ይህን ሳጥን አይቶ የማያውቅ የሞተ ሰዓት ሠሪ ስም ነው።" ካፖርቷን ቆለፈች። "እኔ እናገራለሁ። አንተ መጥተህ ብትናገር ግን ደስ ይለኛል።"

ስትወጣ ሬዲዮው ተመልሶ ሲከፈት ሰማች።

አርብ ጠዋት ክሪስፒን ቢሮውን ዘግቶ አዳመጣት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ቆጣ አለ፣ በመጨረሻ እንደ ሽማግሌ ሊመክራት ቃጣው።

"ግሌን፣ አንድ ደቂቃ አስቢው። ማስረጃሽ የሻይ ቀለም ነው። የልጅነት ትዝታ ነው። እኔ ጋ ደረሰኝ አለ፤ ሦስት ባለሙያ አይቶታል፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።"

"ሦስቱም ፊቱን ነው ያዩት። ና ጀርባውን ላሳይህ።"

"ማየት አልፈልግም።"

"ይኸው፣ ገብቶሃል ማለት ነው።"

ክሪስፒን ፊቱ ቀላ። "ይሄ ቤት ዘንድሮ ምን ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ? አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው አለ እንዴ? ልጆቹ የአያታቸውን የማሆጋኒ ጠረጴዛ በነፃ ውሰዱልን እያሉ ይለምኑኛል። በዓመት አንድ እንዲህ ያለ ሰዓት ቢመጣልኝ ደግሞ አንቺ... የኦድሪ ነገርስ? ምስኪን አሮጊት፣ ተስፋዋን የጣለችው እዚያ ሰዓት ላይ ነው። ሄደሽ ለእሷ ንገሪያት እስቲ፣ ከቻልሽ!"

"እሄዳለሁ። አንተ ግን ነገ ያንን ካርድ እንዳለ ካነበብከው፣ አዳራሹ መሃል ተነሥቼ እናገራለሁ።"

"ታደርጊዋለሽ?"

"ከልጅነትህ ጀምረህ ታውቀኛለህ፣ ክሪስፒን።"

የወይዘሮ ታኒክሊፍ ቤት ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ባለቤቲቱ በሩን የከፈተችው በምርኩዝ ተደግፋ ነበር። በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የሰዓቱ ቁመና እንዳለ ቀርቷል፤ የግድግዳው ወረቀት ፀሐይ ያልነካው ቦታ ላይ አበባዎቹ ዛሬም ቀያይ ናቸው። ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው።

"በቀን ሁለቴ ነው የምወጣው" አለች አሮጊቷ የግሌኒስን ዓይን ተከትላ። "አንዱን ጊዜ በቂጤ። ሰዓቱ ሲሸጥ እዚህ ከታች መታጠቢያ ቤት አሠራለሁ፤ አናጢውንም ቧንቧ ሠራተኛውንም ቀጥሬአለሁ። ግቢ እንጂ ልጄ፣ ምን ያቆምሻል?"

ግሌኒስ ሳትቀመጥ ነገረቻት። ብትቀመጥና ሻይ ቢቀዳላት ወሬው ከአፏ እንደማይወጣ ታውቃለች። የአባቷን ስም ጠራች፣ የሞርላንድን ጠራች፣ የራሷንም ሥራ አልደበቀችም።

ወይዘሮ ታኒክሊፍ ግድግዳው ላይ የቀረውን ቅርጽ ስታይ ቆየች። "ባሌ ጄራልድ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለዚያ ሳጥን ይተርክ ነበር" አለች። "ይሄኔ የስንቱ መኳንንት እጅ ነክቶታል፣ ይል ነበር። የአንድ ሕፃን ሻይ ነው ለካ።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "አንቺ ዝም ብትይ ማን ያውቅ ነበር?"

"እኔ።"

"እሱማ የአንቺ ጣጣ ነው። ደረጃውን የምወጣው ግን እኔ ነኝ።"

እውነቷን ነበር። "ለንደን ያለው ሰው ቢገዛውና ሲያድር ቢደርስበት፣ ገንዘቡን ይመልሱ ብሎ የሚከስሰው እርስዎን ነው" ልትል ግሌኒስ አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። የመጣችው ለዚያ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

"ሰዓቱን ከጨረታው ማውጣት ይችላሉ" አለች በቀስታ።

"አውጥቼስ? ባየሁት ቁጥር ልሳቅ?" አሮጊቷ በሩን ከፈተችላት። "ይሸጥ። እውነቱ ተነግሮ ይሸጥ። አንቺ ግን ሁለተኛ ቤቴ አትምጪ።"

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ፤ ግማሹ የመጣው ከዝናብ ሊጠለል ነው። ባለ መሳቢያ ቁም ሳጥኖች፣ ባለ መዝጊያ የመጽሐፍ መደርደሪያዎች፣ አሥራ ሁለት የምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች፣ ሁሉም በዱሮ ዋጋቸው ሲሶ እየተሸጡ ወጡ። ግሌኒስ በጎን በር አጠገብ ቆማ ክሪስፒንን ትጠብቃለች። መቀመጫ አልፈለገችም፤ ቆሞ ለመናገር ቀድሞ መቆም ይሻላል።

የሰዓቱ ተራ ደረሰ። ክሪስፒን ካርዱን አነሣ፣ ወደ እሷ አየ፣ ካርዱን አስቀመጠ።

"እዚህ ላይ ማስተካከያ አለን" አለ በደረቁ። "ማሽኑ በዝርዝሩ እንደተገለጸው ነው። ሳጥኑ ግን ኋላ የተሠራ ነው፤ ሃያኛው ክፍለ ዘመን፣ ሠሪው ያልታወቀ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ስልኩን የያዘችው ሠራተኛ ወደ ለንደን ጥቂት ቃላት ሹክ ብላ፣ አዳምጣ፣ ስልኩን ዘጋችው።

"በአምስት መቶ እንጀምር። አምስት መቶ? አመሰግናለሁ፣ ከኋላ፣ ሽማግሌው!"

ሰው ሁሉ ዞረ። አይቨር ፕሮበርት ከኋላው በር አጠገብ፣ የቀብር ክራባቱን አስሮ፣ ካፖርቱ በዝናብ ረጥቦ፣ ግራ እጁን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ቆሟል። በአውቶቡስ ነው የመጣው።

"እየተጫረትኩ አይደለም" አለ።

"እንግዲያውስ እጅዎን ያውርዱልኝ አባቴ፣ ሳያስቡት ይገዙታል።"

ሳቅ ሆነ። አይቨር እጁን አላወረደም።

"ሠሪው ያልታወቀ አልክ። ሠሪው ይታወቃል። እኔ ነኝ የሠራሁት። አሮጌ አስመስዬ ነው የሠራሁት፤ የሚሸጠው ሰው አሮጌ ነው ብሎ እንደሚሸጠውም አውቅ ነበር።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጄ አታውቅም ነበር። ያልኩት ይኸው ነው። ጻፈው።"

ማንም አልሳቀም። ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ወይዘሮ ታኒክሊፍ ሙሉ ሰውነቷን አዙራ አየችው። ክሪስፒን ብዕሩን አነሣ፤ በዝርዝሩ ኅዳግ ላይ ስሙን ጻፈ።

ሰዓቱ በአንድ ሺህ አራት መቶ ተሸጠ። የገዛችው ከድንበሩ ማዶ፣ ከዌልስ የመጣች የእንስሳት ሐኪም ናት። መዶሻው ከወደቀ በኋላ ሄዳ የሳጥኑን በር ከፈተች፤ ጎንበስ ብላ ጀርባውን ስታይ ቆየች።

በመውጫው ላይ ወይዘሮ ታኒክሊፍ በምርኩዟ የአይቨርን መንገድ ዘጋች።

"ባሌ ያንን ሳጥን በየእሑዱ በሰም ይወለውለው ነበር።"

"ያስታውቃል። በደንብ ተይዟል።"

"ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ነው የጠበቅኩት።"

አይቨር ቆቡን አወለቀ። ራሰ በራው ላይ የዝናብ ጠብታ ነበር። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ።

አሮጊቷ ምርኩዟን ከመንገዱ አንሥታ ወጣች። ክሪስፒን በበኩሉ በበሩ ሲያልፍ፣ "ለሚቀጥለው ጨረታ እደውልልሻለሁ፣ ግሌን" አለ፤ ድምፁ የማይደውል ሰው ድምፅ ነበር።

ግሌኒስ አባቷን መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ቀበቶውን አሰረችለት፤ ሞተር አስነሥታ የመስታወቱን ጠራጊ ከፈተች። አይቨር ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እያያቸው ነው።

"አሁን ደስ አለሽ?" አላት።

"አላለኝም። ግን መጣህ።"

ጠራጊው አምስት ስድስት ጊዜ ተመላለሰ።

"ሌሎችም አሉ" አለ አይቨር።

ግሌኒስ እጇን ማርሹ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ወርክሾፗን አሰበች፤ ሥራ የሚልኩላት ሁለት ጨረታ ቤቶች ናቸው፣ አንዱ ዛሬ ሄደ። ከዚያ ደረጃውን በቂጧ የምትወጣውን ሴት አሰበች፤ እንደሷ ያሉ ሌሎች በየመተላለፊያቸው የሰቀሉትን ተረት አሰበች።

"ስንት?"

"ሰዓቶቹን ብቻ ነው ወይስ ቁም ሳጥኖቹንም ልቁጠር?"

"ሁሉንም።"

ሽማግሌው በግራ እጁ ጣቶች መቁጠር ጀመረ፤ ጣቶቹ አለቁ፣ ወደ አውራ ጣቱ ተመለሰ፣ ደግመው አለቁ። ግሌኒስ እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ሞተሩን አጠፋች፤ ከሥራ ልብሷ ኪስ እርሳስና የተጨማደደ ወረቀት አወጣች፣ መሪው ላይ ዘርግታ በመዳፏ አቃናችው።

"ከመጀመሪያው ጀምር አባዬ" አለች። "ቀስ ብለህ፤ ማን ጋ እንዳለ ጭምር።"