ዋርሳዋ ያመጣላት ወንበር

የተቀዳ የችሎት ድምፅ እየሰማች ወደ ጽሑፍ የምትገለብጥ ሴት ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ሕንፃውን ለቆ ሠራተኞቹን «ከየቤታችሁ ሥሩ» ካላቸው ወዲህ ቢሮዋ አልጋዋ ሆነ። ኮምፒውተሯን የልብስ መተኮሻ ጣውላ ላይ ታስቀምጥና ትራስ ተደግፋ፣ አንገቷን እንደ ዔሊ አስግጋ ስትጽፍ ትውላለች። ውሎ አድሮ ከማጅራቷ ጀምሮ ወገቧ ድረስ የሚወርድ ሕመም ያዛት። ሐኪሟ ጀርባዋን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች፣ «መድኃኒት ብቻውን አያድንሽም፤ ደህና ጠረጴዛና ወንበር ፈልጊ። ክርንሽ ከጠረጴዛው እኩል ይሁን፣ የስክሪኑ አናት ከዓይንሽ ትይዩ ይዋል፣ እግርሽም መሬት ይርገጥ» አለቻት።

ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ወርቅ የሆነ ሰው። ዕቃ ቤቱን አብረው ባዶ አደረጉት። ግድግዳውን ነጭ ቀባላት፣ ከመስኮቱ አጠገብ አዲስ ሶኬት አስገባላት፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍም መጋረጃ ሰቀለላት። የቀረው ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ነበር። ይህንኑ ለታላቅ ወንድሙ በስልክ ነገረው፤ ነገር የተበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ታላቅ ወንድሙ፣ የእሷ ዋርሳ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ፒካፕ አቁሞ ጥሩምባውን አንባረቀው።

«የት አለሽ ሙሽሪት! ነይ ውጪ፣ ዓይንሽ ይብራ!»

ከተጋባች ዓመታት ቢቆጠሩም እሱ ዘንድ እስከ ዛሬ ሙሽሪት ናት። ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ፣ የወጣለትንም ወደ ጎን እንትፍ እያለ ጠረጴዛውንና ተሽከርካሪውን ወንበር አስወረደ። ጠረጴዛው ላይ እድፍ ሲያይ ጣቱን በምራቁ አርሶ ፈተገው። «ይኸው፣ መስታወት!» አላት። እሷ ከአንገት በላይ አመሰገነች። ያን የራሰ ጣት እያየች ቁርሷ ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር።

እሱ ሲሄድ ጓንት አጥልቃ ጽዳቱን ጀመረች። እጇን ከጠረጴዛው ሥር ብትሰድ የጎረበጠ ነገር ነካች። ጎንበስ ብላ አየች። የታኘከ ማስቲካ ነው፤ ያውም አንድ ሁለት አይደለም፣ እንደ ኪንታሮት ተደራርቦ የበቀለ፣ አንዳንዱ የጥርስ ምልክት ያለበት። በቢላዋ እየፈነቀለች አወረደችው። መሳቢያውን ስትስበው ደግሞ ጥግ ላይ የጥፍር ቁራጭ ተከምሯል፤ ከጎኑ ግማሽ ብርቱካን አረንጓዴ ፀጉር አብቅሎ ተኝቷል። አብሮ የመጣውን ኪቦርድ ገልብጣ ብታራግፈው የዳቦ ፍርፋሪ፣ ፎረፎርና ሽበት እንደ ገለባ ረገፈ።

«ይሄ ሰው ነው ወይስ ምን?» ብላ ጮኸች።

የወንበሩማ አይወራም። ጨርቁ የቆየ ላብና የመታሻ ቅባት ይሸታል፤ የክንድ ማሳረፊያው በሰው ቆዳ ወዝ ጠቁሮ ይንሸራተታል። ከመደገፊያው ላይ የተሰፋ ጥቅል ጨርቅ ነበር፣ ቅባት ጠጥቶ የደነደነ። በመቀስ ቆርጣ በእንጨት አንጠልጥላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ወንበሩን በፈላ ውሃና በሳሙና ፈተገችው። የመጀመሪያው እጥቢ እንደ ድፍርስ ጎርፍ ጠቆረ፤ የመጨረሻው ጠራ። ደጅ አስጥታ አደረቀችው።

ሲደርቅ ተቀመጠችበት። አይ፣ ምኑ ይካዳል! ወንበሩ ወገቧን ደግፎ ያዛት፤ ክርኗ ከጠረጴዛው ገጠመ። ስክሪኑን ከዓይኗ ትይዩ ለማድረግ ሥሩ ወፍራም መዝገበ ቃላት አነጠፈችለት። ሳምንቱን ሙሉ ማጅራቷ ቀለል አላት። ቢሆንም መጻፍ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ ክንድ ማሳረፊያውን በአልኮል ትወለውለዋለች፤ የማያውቁት ሰው እቅፍ ውስጥ የተቀመጠች ይመስላታል።

በሳምንቱ ዋርሳዋ ስጦታውን ሊያይ መጣ። ሳያስፈቅድ ወንበሩ ላይ ተዘረጋና ጫማውን እንዳደረገ እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቀለ። ሻይ አቀረበችለት።

«የማን ነበር፣ ጋሼ?» ስትል ጠየቀችው።

«የአንድ ሽማግሌ ሒሳብ ሠራተኛ» አለ ሻዩን ፉት እያለ። «እዚሁ ወንበር ላይ እንዳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ። አምቡላንስ ወሰደው፤ ሁላችንም አለቀለት ብለን ነበር። ሰው ሁሉ ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲንከራተት እኔ ዕቃውን በጓሮ በር አወጣሁት። ‹አሮጌ፣ የሚወገድ› ብዬ መዝግቤ ነዋ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»

«ነፍሱን ይማር» አለ ባሏ ቀስ ብሎ።

«የምን ነፍስ ይማር ነው! ድኖ መጣ እንጂ!» ዋርሳዋ ጭኑን እየመታ ሳቀ፤ ሻዩ አገጩ ላይ ወረደ። «አሁን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ‹ወገቤን፣ ወገቤን› ይላል። ‹ወንበሬን ያያችሁ› እያለ በየክፍሉ ይዞራል። እኔንም ጠየቀኝ። ‹አፈላልግልሃለሁ፣ አባቴ› አልኩት።»

የማስቲካው፣ የጥፍሩ፣ የብርቱካኑ ማስጸየፍ ምንም ቢሆን እጅ ሲታጠቡ የሚለቅ ነበር። ይሄኛው ግን የሚለቅ አልመሰላትም። የሚስቀውን አፍ፣ የረጠበውን አገጭ አየችና ዓይኗን መለሰች። ሊሰናበታት ጉንጯን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸች። ከሄደ በኋላ የጠጣበትን ብርጭቆ ማጠብ አቃታት፤ አንስታ ጣለችው።

«ነውር ሠራ» አለ ባሏ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ፊት ለፊቱ ለምን አላልከውም?»

«ታላቄ ነው። እሱ ነው ያሳደገኝ።»

«ላሳደገህ አመስግነው። እኔ ግን የበሽተኛ ወንበር ነጥቄ ተደላድዬ አልቀመጥም። መኪና ፈልግ።»

ባልዬው ተነስቶ የጠረጴዛውን እግሮች መፍታት ጀመረ።

ሰኞ ጠዋት ዕቃውን ጭነው ወደ ዋርሳዋ መሥሪያ ቤት ሄዱ። ሒሳብ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሽማግሌው መስኮቱ ጥግ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ጎብጦ ተቀምጧል። ወንበሩን ሲያይ እንደ ሕፃን ብድግ አለ። «እህ፣ እህ» እያለ መዳፉ ውስጥ ሳለና በዚያው እጁ ጨበጣት። አመስግኖ ሊመርቃት ነው ብላ ስትጠብቅ ሽማግሌው አፍንጫውን ወደ ጨርቁ አስጠግቶ አሸተተ።

«ማነው ያጠበው? ሌላ ወንበር አደረጋችሁትኮ! ጥቅሉስ የት ሄደ?»

«ጣልኩት፣ አባባ። ቆሻሻ መስሎኝ» አለች።

«ቆሻሻ! ወገቤን የያዘልኝ እኮ እሱ ነው!»

እሷ የአንገት ልብሷን አውልቃ ጠቀለለችው፤ ከመደገፊያው ጋርም አሰረችው። ሽማግሌው ተቀመጠ፣ ጀርባውን ሞከረ። «ትንሽ ዝቅ» አላት። ዝቅ አደረገችለት። «እዚያ ጋ፣ አዎ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ለጠፈ።

ሴትዮዋን ቢያስጠላትም ወንበሩ የሱ ነው።

«ለመሆኑ ማን ወስዶት ኖሯል?» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው ሠራተኛ።

ባሏ መሬት መሬቱን አየ። እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የንብረት ክፍል ኃላፊያችሁን ጠይቁት» አለችና እጇን ልትታጠብ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። የዋርሳዋ ድምፅ ከባሏ ጆሮ አልፎ ይሰማል፦ «አዋረዳችሁኝ! በሠራተኛ ፊት ሌባ አሰኛችሁኝ! ለሚስትህ ብዬ ነው ያን ሁሉ ያደረግኩት!»

ባልዬውን ላብ አጠመቀው። «ጋሼ» አለ፣ «እሷን ተዋት። ያዋረድከን አንተ ነህ።» ይህን ብሎ ስልኩን ዘጋ። እሷ ውሃ አመጣችለት።

በሳምንቱ መጨረሻ ከአንድ የፈረሰ ቤት የተነቀለ በር ገዝቶ ጫፎቹን ላገ፤ ከብረት ቧንቧም እግር አበጀለት። የወጥ ቤቱን ወንበር ከፍታ በሚገባ ለክቶ አስተካከለላት፤ እግሯ የሚረግጠው ሳንቃም ሠራላት። እንደዚያኛው አይመችም፤ አመሻሹ ላይ ወገቧ ቆርጠም ያደርጋታል፤ ያኔ ተነስታ ትንጠራራለች። ጠረጴዛው የሚሸተው እንጨትና ቫርኒሽ ብቻ ነው።

ዋርሳዋ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው አልመጣም። ባሏ አልፎ አልፎ በር በሩን ያያል። እሷ ግን ምንም አልቀረባትም።