ከግንቡ ውጭ

«መስታወቱ ሁሉ ተሸፍኗል፤ ይኼስ ለምን አልተሸፈነም?» አሉ ሙሴ ግራንዣን፣ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ።

በለቅሶ ቤት እንደ ወጉ መስታወት ይሸፈናል፤ እሳቸው ግን ለፔሪን የጠቆሟት ሥዕል ነው። አባቷ ሰዓሊው ኦኖሬ ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ አስከሬኑ አልጋው ላይ ተጋድሟል። ከራስጌው ያለው ትልቅ ሥዕል የቅዱስ ሉፕ ቤተክርስቲያን ሲፈርስ ያሳያል። ሾጣጣ ቅስቶቹ ተሰንጥቀው ሰማይ ገብቶባቸዋል፤ ከታች የከተማው ሰው ገመድ ይጎትታል። ከጎን ግራንዣን በዱላቸው እየጠቆሙ፣ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ።

በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ቤተክርስቲያኑን ገዝተው ድንጋዩን የቸረቸሩት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ደግሞ የአዲሱ ቤተክርስቲያን አስተዳዳሪ ናቸው፤ የመቃብር ቦታ የሚፈቅዱትም እሳቸው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው ግን በሚያውቁት አገር ነው!

«ጳጳሱ ለፋሲካ ይመጣሉ። ፊቴን በቀለም አጥፊው። አለዚያ ነገ አባትሽ የሚቀበረው ከመቃብሩ ግንብ ውጭ፣ ባልተባረከ መሬት ነው።»

የፔሪን ደም ፈላ። «እሬሳው ፊት ቆመው እንዲህ ይላሉ?»

«ምነው፣ አባትሽ ጻድቅ መሰለሽ? እሱም ገመዱን ጎትቷል!»

ታውቃለች። በዚያ ክረምት ገመድ ለጎተተ ሁሉ ዳቦ ይታደል ነበር። አባቷ መዳፉ ተልጦ ገባና ዳቦውን ፊቷ አስቀምጦ «ብዪ» አላት። እሱ አልቀመሰም። እናቷ የተቀበረችው እዚያው ቤተክርስቲያን ወለል ሥር ነበር። ቁስሉ ሳይሽር ሸራውን ወጠረ።

ሻማውን አንስታ ወደ ሥዕሉ አስጠጋች። «አዎ፣ ጎትቷል። ከሁሉ ፊት ገመዱን የያዘው ማን ነው? ይዩት እንጂ! አባቴ የራሱን ፊት አልደበቀም።»

ጎረቤቷ እትዬ ሉዊዞን የጠበል መርጫውን ቅጠል እንደያዙ ከአልጋው አጠገብ ተነሡ። «ሥዕሉ ላይ ያቺ በሽርጧ ድንጋይ ያቀፈችው እኔ ነኝ» አሉ። «ድንጋዩም ይኸው እስከ ዛሬ ምድጃዬ ላይ ነው። አጥፉልኝ ብያለሁ?»

ግራንዣን ፊታቸው ቀላ። «እንግዲያው ከግንቡ ውጭ!»

«ከግንቡ ውጭ ምን እንዳለ ረሱት እንዴ፣ ሙሴ? እርስዎ ያፈረሱት ቦታ እኮ ነው። እናቴ እዚያ ናት። አጠገቧ ይተኛል።»

ሰውዬው አፋቸውን ከፈቱ፤ እንደ ሥዕሉ ግን አልሳቁም። ለቀስተኛው ሁሉ ያያቸዋል። እንደ ወጉ ቅጠሉን ተቀብለው ሬሳውን ሊረጩ እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ሉዊዞን አልፈዋቸው ለፔሪን ሰጧት።

አባቷን ረጨችው። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ተጠግታ፣ ገመዱን የጨበጡትን የአባቷን ሁለት ትንንሽ እጆች በእርጥቡ ቅጠል ቀስ አድርጋ ዳበሰቻቸው።