አሥራ ሰባት ቀን ሲቀረኝ

ወደ አገሬ የምመለስበትን ቀን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰኝ ሰኞ ጠዋት ነው። አሥራ ሰባት ቀን ቀርቶኛል። ቤተ ክርስቲያኔ ለሁለት ዓመት ወንጌል እንዳገለግል ከአገር ውጭ ስትልከኝ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት የገፋሁት የቀን መቁጠሪያ ላይ ቀኑን እየሰረዝኩ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን አንብቤ እንደጨረስኩ አልጋዬ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። አከራዬ ከምድር ቤት ሆነው ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ሁለቴ መቱት።

ደስታዬ ደረጃውን አብሮኝ ወረደ። ታች ስደርስ አከራዬ የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ስለነበር በቅንድባቸው “ምን ሆነህ ነው?” አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

“ዳቦ ልግዛ፣ እማማ?” አልኩ።

ስፒሉን አውጥተው “ዳቦማ ገዝተህ መጥተሃል፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ደህና ነህ ግን?” አሉኝ።

ደህና ነበርኩ። ደህና አልነበርኩምም። ወሬውን በሆዴ ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። የታመሙ ሰዎች ስንጠይቅ፣ ከቤት ቤት ስንሄድ፣ የአገሩ ልጅ የሆነው የአገልግሎት ጓደኛዬ እንኳ አላወቀም። ሐሙስ ሲደርስ ግን ጋራዥ መሄድ ነበረብኝ፤ ከመካኒኩ ደግሞ ምንም መደበቅ አይቻልም።

መካኒኩ በዚያ ከተማ የመጀመሪያ ወዳጄ ነው። በመጣሁ በወሩ፣ “ልጠይቅዎት መጣሁ” የሚለውን በአገሩ ቋንቋ ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼ ጋራዡ በር ላይ ቆምኩና በሙሉ ድምፄ “ልጠቅልልዎት መጣሁ” አልኩት። ከአንድ የጭነት መኪና ሥር በጀርባው እየተንሸራተተ ወጣ። ፊቱ ግራሶ በግራሶ ሆኗል። ከላይ እስከ ታች አየኝና፦

“በምን?” አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ “ጠቅልል” ሆኖ ቀረ። ዳቦ ጋጋሪውም፣ የሰፈሩ ልጆችም እንደዚያው ነው የሚጠሩኝ። ፓስተራችን ራሳቸው አንድ እሑድ መድረክ ላይ አምልጧቸዋል።

ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንከራከራለን። “እምነቴን አልቀይርም፤ ክርክርህ ግን ሥራ ያቀልልኛል” ይለኛል። እኔም በየወሩ ለቤተ ክርስቲያኔ በምልከው ሪፖርት ላይ “ጋራዥ፦ ውጤት የለም” ብዬ እጽፋለሁ። እያፈርኩ ነበር የምጽፈው።

“አሥራ አራት ቀን ቀረኝ” አልኩት ያን ሐሙስ።

የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ። “ጠቅልለህ?”

“ጠቅልዬ።”

ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ መኪና ሥር ገባ።

“አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ” አለኝ ከሥር። አቀበልኩት። ትንሽ ቆይቶ “አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ” አለ ደግሞ።

“እጅህ ላይ ነው።”

“አውቃለሁ” አለ። አልወጣም።

ማታ ከራት በፊት እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ክፍሌን አዲስ ቀለም አስቀብታ፣ አዲስ ፍራሽ ገዝታ፣ እየዞረች ታሳየኛለች። እኔ ገና የዳቦ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። “እማዬ፣ ቤት ገብቼ ልደውልልሽ” አልኳት።

“የቱ ቤት?” አለችኝ ቀስ ብላ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቤት ገባሁ። አከራዬ ፊቴን አዩና “እናትህ ናት? ወዲህ በል” ብለው ስልኩን ወሰዱት። አንዳቸው የሌላዋን ቋንቋ አያውቁም። በመካከላቸው ቆሜ መተርጎም ጀመርኩ።

“እህቴ፣ ይኼ ልጅሽ ካልሲውን ያወለቀበት ነው የሚተወው በላት።”

“ጎበዝ ልጅ ነው ይላሉ” አልኳት እናቴን።

“ውሸትህን ነው” አለች እናቴ። “ፊታቸው እንደዚያ አይልም። ሲያመው እንደማይናገር ንገርልኝ።”

ነገርኩ። አከራዬ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። “አጥቼው ነው? ያን ጊዜ ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ አልነበረም?”

ይህን ለእናቴ ነግሬያት አላውቅም።

“በል እንጂ፣ ተርጉም” አሉኝ።

ተረጎምኩት። እናቴ እንባዋ መጣ። ከዚያ መዳፏን ስክሪኑ ላይ አደረገች፤ አከራዬም መርፌ የበሳሳውን ጣታቸውን በላዩ አሳረፉ። ከዚያ በኋላ እኔ ሥራ ፈታሁ። ሁለቱም በየቋንቋቸው ያወራሉ። አንዷ ግማሹ የተሰፋ ዩኒፎርም ታሳያለች፣ ሌላዋ የተቀባ ግድግዳ። እኩል ይስቃሉ። ሊዘጉ ሲሉ ነው ያስታወሱኝ።

“እንግዲህ ሁለት ቤት ያለው ልጅ ነው ያለኝ” አለችኝ እናቴ። “ቅር አላለኝም አልልህም። ግን ደስ ብሎኛል።”

የመጨረሻው እሑድ መጣ። እንድሰናበት መድረክ ላይ ስወጣ፣ ከኋላው ረድፍ አንድ ንጹህ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አየሁ። ያለ ቱታ አይቼው ስለማላውቅ ጥቂት ቆይቼ ነው መካኒኩ መሆኑን የለየሁት። ያዘጋጀሁት ንግግር ከአእምሮዬ በነነ። ወረቀት አልያዝኩም፤ የመጣልኝን ተናገርኩ። አንድ ቦታ ግሡ ተምታታብኝና ምእመኑ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀኝ። “ሁለተኛው ነጥብህ ላይ አልስማማም” አለኝ።

“ገመትኩ።”

ኮሌታውን ነካካ። “ልጄ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ኮሪደሩ ላይ አብረኸኝ አድረህ አልነበር? አንተ እንቅልፍ ሲወስድህ፣ ያን አንተ የምትጸልየውን ጸሎት ጸለይኩ። እስከ ዛሬም እጸልየዋለሁ።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ትኮራብኛለህ ብዬ ነዋ” አለኝ። “ደግሞ ክርክሩ ይቀርብኛል።”

አቀፍኩት። ነጭ ሸሚዙን በእንባዬ አበላሸሁበት። እሱም የኔ ኮት ጀርባ ላይ በግራሶ እጁ ምልክት አደረገበት፤ ለካ የታጠበው ፊቱን ብቻ ነው። የዚያን ወር ሪፖርት ስጽፍ “ጋራዥ” ካልኩ በኋላ ምን ብዬ እንደምቀጥል ጠፋኝ። “ወዳጅ አግኝቻለሁ” ብዬ ላክሁት።

የሄድኩበትን ጠዋት ብዙ አላስታውሰውም። አከራዬ አላለቀሱም፤ ሻንጣዬን ሦስቴ ከፍተው ሦስቴ አጣጠፉልኝ እንጂ። የአገልግሎት ጓደኛዬ እስከ አይሮፕላን ማረፊያ ሸኘኝ። አይሮፕላኑ ሲነሳ ከመቀመጫዬ ሆኜ ሰፈሩን በመስኮት ፈለግሁት፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም ጣሪያ አንድ ዓይነት ነው። እንባዬ ወረደ። ግማሽ መንገድ ላይ ደግሞ የእናቴ ፊት ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ጥግ ጠጋ አሉ።

ወላጆቼና ትንሿ እህቴ መውጫው ላይ ቆመው ነበር። እህቴ ጥያት ስሄድ ትከሻዬ ላይ አትደርስም ነበር፤ አሁን ቁልቁል ልታየኝ ምንም አልቀራት። እናቴ አገላብጣ ሳመችኝ፣ “ከስተሃል” አለችኝ፤ አልከሳሁም። አባቴ ሻንጣዬን ነጥቆኝ ወደ መኪናው መራን።

መኪናው ገና ሲነሳ ማውራት ጀመርኩ። ስለ አከራዬ፣ ስለ ጋራዡ፣ ስለ ዳቦ ጋጋሪው። ቃል ሲጠፋኝ በእጄ አስረዳለሁ። እናቴ ወደ ኋላ ዞራ አፍ አፌን ታያለች፣ እህቴ እየሳቀች ታስደግመኛለች። አባቴ የቤታችንን መታጠፊያ ቀጥ ብሎ አለፈው።

“አባዬ፣ አለፍከው እኮ” አልኩት።

“አይቼዋለሁ” አለ። “ጨርስልን እንጂ፤ መካኒኩ ከዚያ ምን አለህ?”