የሜጋው ስልከኛ ጫጩቶች

ሜጋ ላይ ብቸኝነት የጠናበት ሰው ወይ ያገባል ወይ ይጠጣል፤ ስልከኛው ቢረሳው ግን ዶሮ ገዛ። ከጎጃም ተነሥቶ ነፋስ ወደሚያፏጭባት ወደዚች ከተማ ከተመደበ ወዲህ የሰውን ሁሉ ሰላምታ ሲያቀባብል ይውላል እንጂ «አንተስ እንደምን ከረምክ?» ያለው የለም። ዶሮዋ ፈለፈለች፤ በሳምንቷ ሽለምጥማጥ በላቻት። ስምንቱ ጫጩቶች ያለ እናት፣ ቢረሳው ያለ ዕውቀት ቀሩ። እሱ ስለ ዶሮ የሚያውቀው ወጡን ብቻ ነው።

ነገሌን፣ ያቤሎንና ሜጋን የሚያገናኘው ሽቦ አንድ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲያወሩ ሦስተኛው ጆሮውን ይጥላል። ቢረሳው መስመሩ ጭር ባለበት ከሰዓት እጀታውን አዞረ።

«ነገሌ! ጫጩት እንዴት ነው የሚያድገው?»

«ደግሞ ከማን ወለድካቸው?» ሳቀች የነገሌዋ ስልከኛ ማሚቱ። «የተቀቀለ አስኳል ስጣቸው። ፋኖስ አጠገብ አድርጋቸው፣ ሙቀት አይለያቸው።»

«ተው ልጄ!» ብለው ጣልቃ ገቡ የያቤሎው ሽማግሌ አቶ ኃይለማርያም። «ሙቀት ያፍናቸዋል። መስኮት ሥር ይሁኑ። ውኃቸው ላይ በርበሬ ጣል አድርግበት።»

«ምነው ጋሼ፣ ሳያድጉ ወጥ አደረጓቸው እኮ!» አለች ማሚቱ።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ፋታ አጣ። የጨው ነጋዴው፣ ሚስቱን የሚጠይቀው ወታደር፣ ሁሉም መስመር ሲይዝ አስቀድሞ ስለ ጫጩቶቹ ይጠይቅና የራሱን ምክር ያክላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥላሸት፣ ጠበል። ስልክ ሊደውል የመጣው የከብት ደላላ ዋቆ እንኳ አላለፈውም።

«አካም፣ ናጋ? ሉኩ ነው፣ ዶሮ ነው እንዲህ ያከሳህ? እኛ ቦረናዎች ዶሮ አንበላም፣ አናውቅም። ጥጃ ቢሆን ግን ወተት ነበር የምልህ።»

ቢረሳው ወተቱንም ሞከረ። የታላቅ ምክር አይጣልም ተብሎ ነው ያደገው፤ ስለዚህ አንዱንም አልጣለም። ጫጩቶቹ ጠዋት ፋኖስ ሥር፣ ቀትር ላይ መስኮት ሥር፣ በርበሬ ጠጥተው ወተት እየተከተለላቸው ከረሙ። ሦስቱ ሞቱ።

የቀሩትን አምስቱን ካፖርቱ ውስጥ ከትቶ ተቀመጠ። ሲንጫጩ ቆይተው ሞቅ ሲላቸው ዝም አሉ። ስልኩ ጮኸ። አንሥቶ «መስመሩ ተበላሽቷል» አለና ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የሰጣቸው ውኃና የተከካ በቆሎ ብቻ ነው። ፋኖሱን አንድ ቦታ አስቀምጦ ማንም ቢመክረው ንቅንቅ አላደረገውም። አምስቱም ላባ አወጡ። ለጠየቀው ሁሉ «ደህና ናቸው» ይላል። ለደህና ደግሞ ማን ምክር ይሰጣል? ጠያቂው ሳሳ፣ ኋላም ጨርሶ ቀረ። ቀኑን ሙሉ «አገናኘኝ»፣ «አገናኘሁ» ብቻ ሆነ።

አንድ ከሰዓት ማሚቱ ደወለች።

«ሜጋ፣ ጫጩቶችህስ?»

«ደህና ናቸው።»

«እሰይ! በል ልዝጋ።»

ጠረጴዛው ሥር አምስቱም ጠግበው ተኝተዋል።

«ቆይ ነገሌ! አንዷ... ያስላታል።»

«ውይ፣ ምን ነካብኝ!»

«ብዬ ነበር!» አሉ አቶ ኃይለማርያም፣ ከየት መጡ ሳይባሉ። «በርበሬውን ትተህ ነው!»

«በርበሬ ነው የገደላቸው ጋሼ! ማር ነው የሚበጃት!»

መስመሩ ሞቀ። ቢረሳው እግሩን ዘርግቶ «እሺ... እሺ ጋሼ... እሱንም አደርጋለሁ» ይላል። ከወንበሩ ግን አልተነሣም።

«የትኛዋ ናት?» አለች ማሚቱ በመጨረሻ።

ገብስማና ቀይ እንጂ ሌላ ጫጩት አልነበረውም።

«ነጯ» አለ።

«ነገ እደውላለሁ። እስከዚያ እንዳትሞትብህ አደራ!»

«ኧረ እሷስ አትሞትም» አለ ቢረሳው።